ሰዓቱ በስንት ተሳሳተ?

የዛሬው ዝግጅታችን አፕዴት ካደረገ በኋላ ሰዓቱ ስለተዛባ ላፕቶፕ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማቆሙ ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ግድ የሆነባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ሊኑክስ የሚጠቀሙትም ቢሆኑ በየጊዜው ወደ አዲስ ሥሪት ያልፋሉ። አፕዴቱ አልቆ ማሽኑ ሲነሳ ታዲያ በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት አንዳንዴ ጨርሶ ሌላ ነገር ያሳያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሰዓቱን በእጁ አስተካክሎ ሥራውን ይቀጥላል። የእኔ ምክር ግን የተለየ ነው፤ ሰዓቱን ከመንካታችሁ በፊት ስልካችሁን ከጎኑ አድርጉና ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ወደ ኋላ ቀርቷል ወይስ ወደ ፊት ሄዷል? የተሳሳተው በደቂቃ ነው፣ በሙሉ ሰዓት ነው ወይስ በዓመት? ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለወጠው? ቀኑስ? ይህን ሁሉ የምጠይቀው የስህተቱ መጠን ምክንያቱን ስለሚያጋልጥ ነው። ሰዓቱን በእጁ ያስተካከለ ሰው ማስረጃውን አጠፋ፤ ምክንያቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ስህተቱም ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ እንዲገባን በላፕቶፕ ውስጥ ጊዜ የሚያዘው በአንድ ቦታ ብቻ እንዳልሆነ እንወቅ። ከሁሉም ሥር ያለው የሃርድዌሩ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረውም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዶስ በተነሳ ቁጥር ቀንና ሰዓት ይጠይቅ ነበር፣ ተጠቃሚውም በኪቦርድ ይሞላለት ነበር። በ1984 ለገበያ የቀረበው ፒሲ ኤቲ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶም በባትሪ መቁጠሩን የማያቆም የሰዓት ቺፕ ይዞ መጣ፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ላፕቶፖች አሠራሩን የወረሱት ከዚያ ነው። ቺፑ የሚቆጥረው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብን የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ 32,768ን 15 ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ብትከፍሉት 1 ይቀራል፣ ለዲጂታል ሰርኪዩት ደግሞ ለሁለት ከመክፈል የቀለለ ሥራ የለም። ቺፑ ዓመትን፣ ወርን፣ ቀንን፣ ሰዓትን፣ ደቂቃንና ሰከንድን ይይዛል። ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፉ ግን የማይይዘው ነገር ነው፤ የያዘው ሰዓት የየት አገር ሰዓት እንደሆነ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም። ከቺፑ በላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፤ ሲነሳ የቺፑን ሰዓት ያነብና ከዚያ በኋላ በራሱ ይቆጥራል። ቀጥሎ የሰዓት ቀጠናው ቅንብር ይመጣል፤ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ላይ ስንት እንደሚደመር ወይም እንደሚቀነስ የሚወስነው እሱ ነው። በመጨረሻም ኢንተርኔት ሲኖር ከሩቅ ሰርቨር ጋር እያመሳከረ ሰዓቱን የሚያርም አገልግሎት አለ፤ ይህም አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዴቪድ ሚልስ በ1985 በጽሑፍ ባወጣው፣ ኤንቲፒ በሚባለው ደንብ ላይ የቆመ ነው። የእነዚህ የአራቱ አበለሻሸት ለየቅል ነው፤ አንዱ ሲበላሽ የሚታየው ስህተት የሌላውን አይመስልም።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ ደቂቃው ሳይዛነፍ በትክክል በ3 ሰዓት ቢሳሳት ባትሪውን መጠርጠር አይገባም። እያለቀ ያለ ባትሪ 3 ሰዓት ብቻ መዝኖ አይሰርቅም። አገራችን ከዩቲሲ የምትቀድመው በ3 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ አንዱ ወገን የቺፑን ሰዓት እንደ ዩቲሲ ሌላው ወገን እንደ አገር ሰዓት አንብቦታል ማለት ነው። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ ቺፑ ላይ የሚጽፈው የአገሩን ሰዓት ነው። ሊኑክስ ደግሞ ከእሱ በቀደመው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዩኒክስ ወግ ዩቲሲን ይጽፋል። ሁለቱ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሲጫኑ ያው አንድ ቺፕ ሁለት አለቃ ይኖረዋል። ሊኑክስ ላይ ስትሠሩ ቆይታችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዊንዶውስን ብታስነሱ፣ ሊኑክስ ቺፑ ላይ የተወው ቁጥር 6 ስለሆነ ዊንዶውስ 9 ማሳየት ሲገባው 6 ያሳያል፤ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። በተቃራኒው ዊንዶውስ 9 ብሎ የጻፈውን ሊኑክስ አንብቦ 3 ይደምርበትና 12 ያሳያል፤ በ3 ሰዓት ቀደመ። ስለዚህ የስህተቱ አቅጣጫ ብቻውን ቺፑን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉና እንደ ሞዴሉ ኤፍ2ን፣ ኤፍ10ን ወይም ዲሊትን ተጭናችሁ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ግቡ፤ እዚያ የምታዩት ሰዓት የሥርዓቶቹ ትርጉም ያልተጨመረበት የቺፑ ቁጥር ነው። ከአገር ውጭ ያላችሁ አድማጮች 3 የሚለውን በየአገራችሁ ልዩነት ተኩት፤ ዱባይ 4፣ ሪያድ 3፣ ቴል አቪቭ በክረምታቸው 2 በበጋቸው 3፣ ዋሽንግተን ግን ከዩቲሲ ወደ ኋላ በክረምት 5 በበጋ 4 ስለሆነ የስህተቱ አቅጣጫም ይገለበጣል።

ከዚህ የሚለየው የቀጠና ስህተት ነው። አዲስ አበባ ያለ ላፕቶፕ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ቀኑም ወደ ትናንት ተመልሶ ከተገኘ፣ ማሽኑ ራሱን ካሊፎርኒያ ያለ አድርጎ ቆጥሯል ማለት ነው፤ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የሚነሳው ከፓሲፊክ ቀጠና ነውና። ላፕቶፑን ወስዳችሁ ፎርማት ያስደረጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ሳይሆን ቀጠናውን መቀየር ነው፤ እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በዊንዶውስ የቀጠናዎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም። የእኛ ቀጠና የተመዘገበው በናይሮቢ ስም ነው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ባግዳድ፣ ሪያድና ሞስኮም ዩቲሲ ሲደመር 3 ተብለው ስለተቀመጡ ማንኛውንም ብመርጥ ምን ለውጥ አለው የሚል ይኖራል። ለውጡ ያለው አገሮች ሐሳባቸውን በሚቀይሩበት ቀን ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 ሞስኮን በዩቲሲ ሲደመር 4 ላይ አድርጋ ቆይታ ነበር። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሞስኮን የመረጠ ሰው አፕዴቱ ሲደርሰው የሩሲያ ውሳኔ እሱም ላይ ይጸናበት ነበር። ናይሮቢን ምረጡ፤ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አዲስ አበባ በስሟ ተመዝግባለችና እሷኑ።

ይህ የሚያሳየን ቀጠና የመንግሥት ውሳኔ እንጂ የፀሐይ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ውሳኔው ወደ ኮምፒውተራችን የሚገባው ደግሞ በዚያው በምንወቅሰው አፕዴት በኩል ነው። ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤቶቻችንን እንይ። ሱዳን ከእኛ ጋር እኩል የነበረ ሰዓቷን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1 ቀን 2017 በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ ደቡብ ሱዳንም በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ተከተለቻት። ግብፅ ትታው የነበረውን፣ በበጋቸው ሰዓትን በአንድ ሰዓት የሚያስቀድመውን የበጋ ሰዓት በ2023 እንደገና ጀመረች። በእነዚህ አገሮች አፕዴት ያላደረገ ላፕቶፕ በትክክል በ1 ሰዓት ይሳሳት ነበር። ስለዚህ ካይሮ፣ ካርቱም ወይም ጁባ ላለ ሰው አፕዴት የሰዓቱ መድኃኒት እንጂ በሽታው አይደለም። እስራኤልም ብትሆን የበጋ ሰዓት የምትጀምረው ዓርብ ሲሆን አውሮፓ እሑድ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ቀናት ልዩነቱን የማያውቅ ማሽን ያሳስታል። በአንድ ሰዓት ብቻ የተሳሳተ ላፕቶፕ ያለው ሰው እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያለበት አገር ሰዓት መቀየሩንና ማሽኑ ይህን ማወቁን ነው።

በደቂቃዎች የሚሳሳት ሰዓት ቀላሉ ነው። የተለመደ ክሪስታል ከሚሊዮን 20 ያህል ሊያዛንፍ ይችላል፤ ይህም በቀን ከ2 ሰከንድ በታች፣ በወር ግን ወደ 1 ደቂቃ የሚጠጋ ነው። ላፕቶፑ 10 ደቂቃ ከተዛነፈ ለረጅም ወራት ከኢንተርኔት ሰርቨር ጋር አልተመሳከረም፤ አፕዴቱ ወይም አንድ ሌላ ፕሮግራም ማመሳከሪያውን አጥፍቶት እንደሆነ አይቶ ማብራት ይበቃል። ዓመታት ወደ ኋላ የሄደ ሰዓት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ባትሪ በእርግጥ የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው። ቺፑ ኃይል ሲያጣ የያዘውን ጊዜ ይረሳል፤ እንደገና ኃይል ሲያገኝ አምራቹ በመነሻነት ከሰጠው አሮጌ ቀን ይጀምራል። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ለዚህ የተቀመጠችው 3 ቮልት የምትሰጥ ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ናት፤ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ቀጭን ሽቦ ወጥቶላት በትንሽ መሰኪያ ቦርዱ ላይ ትሰካለች። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች እሷንም ትተው ሰዓቱን ከዋናው ባትሪ ይመግቡታል። ይሁንና ባትሪ ብቻ አይደለም፤ በአፕዴት ስም ከሚወርዱት አንዳንዶቹ የባዮስ አፕዴቶች ናቸው፣ እነሱም ቅንብሩን ወደ መነሻው ሲመልሱ ሰዓቱን አብረው ሊመልሱት ይችላሉ። ሁለቱን ለመለየት ስክሩድራይቨር አያስፈልግም። ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አሳድሩት። ጠዋት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ትክክል ሆኖ ካገኛችሁት የባዮስ አፕዴቱ አንዴ አዛብቶት አልፏል፤ ተመልሶ ከተዛባ ባትሪ ግዙ።

አሁን ወደ እኛ ልዩ ጉዳይ እንምጣ፤ በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም ይበልጥ ሊነገርለት ይገባል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፣ ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ችግር የሚፈጠረው ተጠቃሚው 9 ሰዓት የሚለውን ላፕቶፕ ተሳስቷል ብሎ 3 ሲያደርገው ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛ የ6 ሰዓት ስህተት ተፈጠረ። የኢትዮጵያን ሰዓት ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ዘዴ አለው። ቀጠናውን በዩቲሲ ሲቀነስ 3 ላይ ያለችውን ቦነስ አይረስ አድርጎ የ12 ሰዓት አቀማመጥ ቢመርጥ፣ የውስጡ ዩቲሲ ሳይነካ ስክሪኑ በእኛ አቆጣጠር ያነባል፤ ኤኤም ቀን፣ ፒኤም ሌሊት ይሆናል፣ ቀኑም የሚለወጠው ጎህ ሲቀድ ነው። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የምትልኩት የስብሰባ ጥሪ ሁሉ ከአርጀንቲና እንደመጣ ስለሚቆጠር ለቢሮ ሥራ አልመክረውም። ከሰዓቱ የከፋው የዓመቱ ነገር ነው። ባትሪዋ አልቃ ማሽኑ ቀን ሲጠይቅ የእኛን ዓመት የሞላ ሰው፣ ላፕቶፑን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ወዲያው ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰርቲፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የወጣ ሰርቲፊኬት ዕድሜው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደርጓል፣ ከዚያም እያጠረ ይሄዳል። በማሽኑ ዓይን ታዲያ የዛሬ ሰርቲፊኬት ሁሉ ገና ያልተወለደ ነው። ክሮም ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ገጽ ያወጣል፤ ያን ያላነበበ ሰው ግን ኔትወርኩን ሲረግም፣ ሲም ካርድ ሲቀያይር ይውላል።

ይህን ሁሉ የሰማ አድማጭ ሁለት ጥያቄ ያነሳል ብዬ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ሰዓቱን በስልኬ ወይም በእጄ ላይ አያለሁ፣ የላፕቶፑ ቢሳሳት ምን ገዶኝ የሚል ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ለእናንተ ላያስፈልግ ይችላል፤ ለማሽኑ ግን ያስፈልገዋል። ከሰርቲፊኬቱ ሌላ፣ ብዙ አገልግሎቶች ከይለፍ ቃል በተጨማሪ የሚጠይቁት ባለ 6 አሃዝ ኮድ በየ30 ሰከንዱ የሚሰላው ከሰዓት ነው፤ ኮዱን የሚያወጣው ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከሆነና ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ከሳተ ትክክለኛው ኮድ አይወጣም። የቢሮ ፋይሎችን በሁለት ማሽን የምታመሳስሉ ከሆነም የቱ ፋይል አዲስ እንደሆነ የሚለየው በሰዓት ነው፤ 3 ሰዓት የቀደመ ላፕቶፕ አሮጌውን ፋይል አዲስ ብሎ የዛሬ ሥራችሁን ሊሸፍንባችሁ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ጠንከር ይላል፤ ኢንተርኔት ራሱ የሚያርመው ከሆነ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ያርመዋል። ነገር ግን የኤንቲፒ ሰርቨር የሚያውቀው ዩቲሲን ብቻ ነው፤ ቀጠናችሁ ካሊፎርኒያ ከሆነ ዩቲሲን በትክክል ሰጥቷችሁ የካሊፎርኒያን ሰዓት እንድታነቡ ይተዋችኋል። ቀጠናን በራሱ የሚመርጠው ቅንብርም ቢሆን የሚተማመነው በቦታ ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ ከኢንተርኔት አድራሻ ሲመጣና አድራሻውን የሌላ አገር የሚያስመስለው ቪፒኤን ሲከፈት ላፕቶፑ አምስተርዳም ያለ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የስህተቱ መጠን ሲበዛ እርማቱ ራሱ ይቆማል። በድርጅት ኔትወርክ ያልታቀፈ ዊንዶውስ በተለመደው ቅንብሩ ከ15 ሰዓት የበለጠ ልዩነት ሲያይ ሰርቨሩን ከማመን ይልቅ ሳያርም ይተወዋል። የ7 ዓመት ስህተት እንግዲህ ጠብቆ የሚስተካከል አይደለም። ሌላው ደግሞ የቢሮና የትምህርት ቤት ኔትወርኮች ኤንቲፒ የሚያልፍበትን 123 ቁጥር ፖርት ዘግተው ሊሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ የሚስተካከል ላፕቶፕ ቢሮ ሲደርስ የማይስተካከለው ለዚህ ነው።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው፤ ቀጠና ይቀድማል፣ ሰዓት ይከተላል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዊጅ፣ ከዚያ ዴት ኤንድ ታይም የሚለውን ክፈቱ። ቀጠናን በራስ ሰር የሚመርጠውን አጥፉና ናይሮቢን ምረጡ። ሰዓትን በራስ ሰር የሚሞላውን አብሩና ሲንክ ናው የሚለውን ተጫኑ። ዊንዶውስና ሊኑክስ ለጫነ ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱን ማስማማት ያስፈልጋል። ሁለት መንገድ አለ፤ ሊኑክስ ቺፑን እንደ አገር ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ፣ ወይም ዊንዶውስ እንደ ዩቲሲ እንዲያነብ ማድረግ። የመጀመሪያው ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ሁለተኛው ሬጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ መንካት ይጠይቃል። ባለሙያዎች ሁለተኛውን ያወድሳሉ፤ የበጋ ሰዓት ባለበት አገር ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ሥርዓቶች ያንኑ ቺፕ በአንድ አንድ ሰዓት ሊገፉትና በአንድ ሰዓት ሊያዛቡት ይችላሉና። ኢትዮጵያ ግን የበጋ ሰዓት ስለሌላት ያ ሥጋት እዚህ የለም፤ ሬጅስትሪ መንካት የሚያስፈራው ሰው ቀላሉን ቢመርጥ አይጎዳም። የትኛውንም ብትመርጡ አንዱን ብቻ አድርጉ፤ ሁለቱንም ያደረገ ሰው ስህተቱን አገላበጠው እንጂ አላጠፋውም። ሥርዓቱን እንደ አዲስ ስትጭኑም ይህ ቅንብር አብሮ ይጠፋልና እንደገና ማድረግ አለባችሁ።

ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ያላችሁ በእጅ መሙላት ትችላላችሁ፤ ቀጠናው ከተስተካከለ በኋላ ከሆነ ምንም ጉዳት የለውም። ሬዲዮ ላይ የሚነገረውን ሰዓት መነሻ የምታደርጉ ከሆነ በላፕቶፑ የ24 ሰዓት አቆጣጠር እንዲህ አስሉት። ከንጋት እስከ ምሽት ባለው ሰዓት ላይ 6 ደምሩ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት 13 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ደምሩ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ግን 6 ቀንሱ። ቀኑን ስትሞሉ ደግሞ የአውሮፓውያኑን ቀን፣ ወርና ዓመት ሙሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነም ለማሽኑ ቀኑ ተለውጧልና የሚቀጥለውን ቀን ጻፉ።